ባለ 11 ፍሬው የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፦ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በቮልስና በዲኤክስ ዳሽቦርድ ላይ ሲፈተን

ከመርካቶ በሸራ ቦርሳ ተጠቅልሎ የሚመጣው ባለ 11 ፍሬ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፣ የመኪና ልባስ ሳይጭር የሚያነሳው መሣሪያ፣ ለአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ያዋጣል? ያዋጣል። ግን ከ11ዱ በደንብ የምትሠሩባቸው አራቱ ናቸው። ዳሽቦርዱን የሚሰብረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ሳይሆን ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሲያድር፣ ደጅ ያደረ የ40 ዓመት ፕላስቲክ በማግስቱ ጠዋት እንደ ድርቆሽ ነው የሚሰበረው። ከአዲስ አበባ የመጣ ቪዲዮ አይቶ በጠዋቱ 2 ሰዓት ሽብልቅ የሚያስገባ ሰው መሣሪያውን ቢረግም ያለ ጥፋቱ ነው።

ቦርሳው ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ ሰፊና ጠፍጣፋ ሽብልቅ፣ ጫፉ የታጠፈ ጠባብ፣ ጫፉ በሹካ ቅርጽ የተሰነጠቀ፣ በሁለቱም ጫፉ የሚሠራ ረጅም፣ የቀሩት ደግሞ ቀጫጭን መንጠቆዎችና የእነዚሁ ትንንሽ ግልባጮች። በትላልቆቹ ቦርሳዎች፣ በባለ 19ኙና በባለ 38ቱ ላይ፣ የብረት ሹካ፣ የክሊፕስ (ልባሱን ከላሜራው ጋር የሚይዘው የፕላስቲክ ችንካር) ፒንሳ፣ የሬዲዮ ማውጫ ቁልፎችና የሶኬት ፒን ማውጫ መርፌዎች ይጨመራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰፊው ሽብልቅ ነው። ኃይሉን በ3 ወይም በ4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ስለሚያከፋፍለው ሌዘሩ ላይ ጥርስ አይተውም። ጫፉ የታጠፈው ጠባብ ለአየር ማውጫዎችና ለማብሪያዎች ዙሪያ ይሆናል። ሹካው ክሊፕሱን ከአንገቱ ይዞ ያነሳል፤ ክሊፕስ አንገቱን ካልተያዘ ጭንቅላቱ ብቻ ተቆርጦ ይመጣል፣ ግንዱ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ረጅሙ ሁለተኛ እጅ ነው፦ አንዱ የከፈተውን ክፍተት ይዞ ይቆያል፣ ሌላው ወደሚቀጥለው ክሊፕስ ይሄዳል። ቀጫጭኖቹ መንጠቆዎች ጫፋቸው ከጥቂት ሥራ በኋላ ይደንዛል፣ ፀጉር ያወጣል፤ ቁጥር ለመሙላት የገቡ ይመስላሉ። የሬዲዮ ማውጫ ቁልፎቹማ ለእነዚህ መኪኖች ምንም አይፈይዱም። የድሮ ሬዲዮ ባለ ሁለት ዘንግ ነው። ማዞሪያዎቹን በእጅ ስቦ ማውጣት፣ ሥራቸው ያለውን ዳዶ መፍታት፣ ከኋላ የደገፈችውን ላሜራ መልቀቅ ነው፤ በቃ።

ስትገዙ ቀለሙን አትዩ። ብርቱካናማም ሰማያዊም ጥቁርም ከጥሩውም ከመጥፎውም አለ። የሚለየው የተሠራበት ፕላስቲክ ነው፤ የሚፈለገው ናይለን ነው። ሱቁ ውስጥ ረጅሙን አንሡና 30 ዲግሪ ያህል እጠፉት። የታጠፈበት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ካወጣ ኤቢኤስ የሚባለው ተሰባሪ ፕላስቲክ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የውርጭ ወቅት አይዘልቅም። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አይሰበርም» ካላችሁ «እንግዲያው ልጠፈው» በሉት፤ ፊቱን ማየት ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው ፈተና ብርጭቆ ውኃ ነው። ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ከውኃ ይቀላል፣ ለጠንካራ ክሊፕስ ደግሞ ይለሰልሳል፤ ይተጣጠፋል እንጂ አያነሳም። ናይለን ይሰምጣል። ኤቢኤስም ስለሚሰምጥ ግን ከማጠፉ ጋር ካልተጣመረ የውኃው ፈተና ብቻውን አይበቃም።

ጥሩ ናይለን የገዛ ሰውም አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ናይለን ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ አለመሰባበሩም ከዚያ እርጥበት ነው የሚመጣው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር፣ በተለይ ቦርሳው መኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ፣ ይደርቅና ይሰባበራል። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው መድኃኒቱ። በማግስቱ መተጣጠፉ ይመለሳል።

አሁን ወደ ብርዱ። የአብዛኛው ለስላሳ ዳሽቦርድ ልባስ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ ሌዘር እንዲመስል ማለስለሻ ይጨመርበታል። ያ ማለስለሻ በፀሐይ ሙቀት ለዓመታት ቀስ እያለ ይተናል። የፊት መስታወቱ ላይ ከውስጥ በኩል የሚለጠፈው፣ በጨርቅ ሲጠርጉት የሚዝረከረከው ቅባት መሰል ጭጋግ ከዚያ የመጣ ነው። በዚያ ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የደጋ መኪና ቀን ቀን ይደርቃል፣ ሌሊት ሌሊት በብርዱ ይገተራል። ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ስለ ብርድ ይህን ያህል ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ግን ስንት ዳሽቦርድ በዚህ ምክንያት ሶማሌ ተራ ተፈልጎ እንደሚተካ ያየ ያውቀዋል።

ሥራውን ከ5 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ አታራዝሙ። መኪናውን አፍንጫውን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ መስኮቶቹን ዘግታችሁ 40 ደቂቃ ያህል አቁሙት። ከዚያ የምትፈቱትን ጠርዝ ብቻ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁ፦ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ አንድ ቦታ ሳታቆሙ። ልኩ መዳፍ ነው። መዳፋችሁን አሳርፋችሁ ማቆየት ከቻላችሁ ደህና ነው፤ ካቃጠላችሁ ስፖንጁ ከሥሩ ከላሜራው ይለቃል፣ በኋላ አረፋ ይሠራል። የቀለም ቤት ሙቅ አየር መንፊያ፣ ያ ቀለም የሚላጥበት፣ አይነካም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የሃይላንድ ላስቲክ በሞቀ ውኃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ክሊፕሱ ባለበት ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማስተኛት ይሠራል። የፈላ ውኃ አትሙሉበት፣ ላስቲኩ ይኮማተራል።

ቮልስ ላይ ስንመጣ መፈልቀቂያው ብዙ ቦታ የለውም። ብዙ ሰው ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳሽቦርዱን ከፊት መፈልቀቅ ይጀምራል። የቮልስ ዳሽቦርድ ግን የሚፈታው ከኋላው ነው፣ ከፊት ኮፈኑ ሥር። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ያ ቦታ የዕቃ መጫኛ ነው፣ የጌጆቹም ጀርባ እዚያው ይገኛል።

ከዚያ በፊት ባትሪ። የኋላ መቀመጫውን አንሡ፤ በስተቀኝ ከሥሩ ነው። ኔጋቲቩን ፍቱና በጨርቅ ሸፍኑት። ይህ እንዲያው ለወግ አይደለም። ወደ መብራት ማብሪያው የሚመጣው ዋናው ቀይ ሽቦ በፊውዝ ውስጥ አያልፍም። ቁልፉ ቢነቀልም ሽቦው ሕያው ነው። ጫፉ የዳሽቦርዱን ላሜራ ከነካ የሚቃጠል ፊውዝ የለም፤ የሚቃጠለው ራሱ ሽቦው ነው። የነዳጅ ታንኩም እዚያው ከፊት ኮፈኑ ሥር መሆኑን አትርሱ። መቀመጫውን ስትመልሱም የባትሪው ክዳን መኖሩን እዩ፤ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ስፕሪንግ ፖዘቲቩን ነክቶ እሳት የሚያስነሳው ክዳን በሌለው ቮልስ ላይ ነው።

ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከመስታወቱ ሥር የካርቶን መሸፈኛ አለ። ውኃ የጠጣ ካርቶን በእጅ ሲጎተት ስለሚቀደድ ጠርዙን በሰፊው ሽብልቅ እያነሳችሁ ሂዱ። በቮልስ ላይ መፈልቀቂያው ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። ካርቶኑ ሲነሳ የኪሎሜትር ቆጣሪው ጀርባ ይታያል። የተያዘው በሁለት ብሎን ብቻ ነው፣ ግራና ቀኝ። ገመዱን የያዘውን ጥርሳም ዳዶ በጣት ፍቱት፤ እምቢ ካለ ጠብታ ዘይት አድርጉና ጠብቁ፣ በፒንሳ ከተጨመቀ ይሞላለላል፣ ከዚያ በኋላ ጥርሱ አይገጥምም። አምፖሎቹን ከነመያዣቸው ሳቡ። ከዚያ ቆጣሪውን በሁለት መዳፍ ከኋላ ወደ መሪው እኩል ግፉት። ዙሪያውን ያለው ጎማ ለዓመታት ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ መጀመሪያ አይነቃነቅም። ያኔ ነው ሽብልቅ ከፊት ለማስገባት እጅ የሚያሳክከው። አታስገቡ። የፊቱ ቀለበት ስስ ብረት ነው፤ አንዴ ከጎበጠ እንደገና ክብ አይሆንም፣ ብርሃን ሲያርፍበት ጉብጠቱ ይታያል። ጎማውን ከኋላ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅና እንደገና መግፋት ነው።

ሞዴሉን ለዩ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 ባለው ሞዴል የነዳጅ ጌጁ ለብቻው ነው፣ በገመድ ይሠራል፤ ገመዱን ከታንኩ በኩል ሳትፈቱ ጌጁን ከጎተታችሁት ገመዱ ይታጠፍና ጌጁ ከዚያ ወዲያ አንድ ቦታ ይቆማል። ከ1968 ወዲህ ጌጁ ኪሎሜትር ቆጣሪው ውስጥ ገብቷል፣ በኤሌክትሪክ ነው፤ ቆጣሪው ጀርባ ላይ ያለችው ትንሽ ሣጥን የቮልቴጅ ማረጋጊያ ናት። የመሬት ሽቦዋ ተመልሶ ካልገባ ጌጁ ይዋሻል፣ ሰውም ታንክ መቀየር ይጀምራል።

ሽቦ ስትነቅሉ በማብሪያዎቹ ጀርባ ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች አንብቡ፤ የጀርመን ሥራ ለዚህ ደግ ነው። 30 ሁልጊዜ ሕያው የሆነው የባትሪ መስመር፣ 15 ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣው፣ 50 ማስነሻው፣ 31 መሬት፣ 56 የፊት መብራት፣ 58 የመኪና ማቆሚያና የጌጅ መብራት ነው። ፋብሪካው ለ30 ቀይ፣ ለ15 ጥቁር፣ ለመሬት ቡናማ ሽቦ ነው የሰጠው። ሆኖም እዚህ አገር በስንት ኤሌክትሪሺያን እጅ ያለፈ ቮልስ ላይ ቀለምን ማመን አያዋጣም፤ ቡናማው መስመር በሌላ ቀለም ተቀጥሎ ጥሩንባ ላይ ሊገኝ ይችላል። ነጭ ፕላስተር በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ጠቅልላችሁ የነቀላችሁበትን ቁጥር ጻፉበት፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሡ። ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ በፎቶ አይለዩም። ፊውዝ ሳጥኑን ከነካችሁም ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው፤ የሲጋራ ወረቀት ብር የተጠቀለለበት ካገኛችሁ ምን እንደነበር ሳትጠይቁ ቀይሩት።

የመብራቱና የዝናብ መጥረጊያው ጉጦች ወደ ግራ እየዞሩ ይወጣሉ። ከሥራቸው ሁለት ስንጥቅ ያለበት ቀለበት አለ፣ ማብሪያውን ከላሜራው ጋር የሚይዘው እርሱ ነው። እዚህ ላይ ነው የቦርሳው ትልቁ ጉድለት፦ ከ11ዱም ከ38ቱም አንዱም ይህን ቀለበት አይፈታም። ሰዎች በካቻቢቴ ጫፍ በመዶሻ ይመቱታል፣ ካቻቢቴው ይሸራተታል፣ ቀለሙ ላይ መስመር ይሰምራል። የ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁራጭ መሐሉን ለዘንጉ አጎድጉዶ ሁለት ጥርስ ማውጣት የአንድ ብየዳ ቤት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍናችሁ ፍቱ። የአሉሚኒየሙ ጌጥ መስመርም እንደዚሁ ነው፣ የያዘው ከኋላ ስለሆነ ከኋላ ነው የሚለቀቀው። ከፊት የተፈለቀቀ አሉሚኒየም ይታጠፋል፣ ቢቃናም ምልክቱ ይቀራል። መሪውን ለቆጣሪው ብላችሁ ማውጣት የለባችሁም፤ ለሌላ ሥራ ከወጣ ዳዶው በ27 ቁልፍ ነው የሚፈታው፣ ከመሳባችሁ በፊት ዘንጉና መሪው ላይ አንድ መስመር በቀለም አስምሩ። ለቮልስ ለቦርሳው የምሰጠው ከ5 2 ነው።

ዲኤክስ ላይ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የተሠራው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ ፕላስቲኩ ብዙ ነው፤ ሽብልቁ ቦታ አለው። ግን ከሽብልቁ በፊት ካቻቢቴ። የጃፓን መስቀለኛ ብሎን ከተራው መስቀለኛ ይለያል፦ የጉድጓዱ ማዕዘን ጠበቅ ያለ ነው፣ የተራው ካቻቢቴ ጫፍ ደግሞ ይረዝማል፣ መሬት ነክቶ ጎኑ ሳይይዝ ይቀራል። ሲዞር ወደ ላይ እየወጣ ጭንቅላቱን ይበላዋል። ብዙ ጊዜ የጃፓኑ ብሎን ጭንቅላት ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ጂአይኤስ (የጃፓን ደረጃ) የተባለው ካቻቢቴ ከተገኘ ይገዛ፤ ካልተገኘ የተራውን ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል በሞላ ጠፍጣፋ ማድረግ ያስቀምጠዋል። ከማዞር ይልቅ መጫን ይብዛ። የተበላ ካለ ጫፉ ላይ ጥቂት የቫልቭ ማፍጫ ቅባት መቀባት ያዝለታል፤ አሸዋው ይነክሳል።

የጌጁ ዙሪያ መሸፈኛ በብሎን ነው የተያዘው፣ ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ ግን ዕድሜና አቧራ ያጣበቁት ጠርዝ ይቀራል። ለዚያ ሰፊው ሽብልቅ ነው፦ ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ ትንሽ እያነሳችሁ። በጣታችሁ ኃይል የማይነቃነቅ ቦታ ካለ እዚያ ያልወጣ ብሎን አለ ማለት ነው፤ ሽብልቁን አውጡ። አመድ ማስቀመጫውን ሳቡና ከኋላው እዩ፣ የዳሽቦርዱን ኪስ ክፈቱና ላይኛውን ጠርዝ እዩ፣ በአየር ማውጫዎቹ ወደ ውስጥ በስልክ መብራት እዩ። የተሰነጠቀ ዲኤክስ ዳሽቦርድ ያለበት ጋራዥ ሁሉ ታሪኩ አንድ ነው፣ አንድ ብሎን ተረስቷል። የብሎኖቹን ቦታ ለማስታወስ የእንቁላል ካርቶን በቂ ነው፤ በየጉድጓዱ የወጡበትን ቦታ ጻፉ። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ የአጭሩ ቦታ ከገባ በሌላ በኩል ሽቦ ይወጋል።

ጌጆቹ ሲወጡ ወደ ራሳችሁ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሳቡ። የኪሎሜትር ገመዱ ከኋላ ይዟቸዋል። እጃችሁን አሾልካችሁ የፕላስቲክ ምላሱን ተጫኑና ገመዱን ነቅሉ። እጅ የማይገባ ከሆነ ገመዱን በሞተር በኩል ከያዘው ክሊፕስ አላቁና ወደ ውስጥ ግፉለት፣ ላላ ይላል። የጌጆቹ ጀርባ ላይ የመዳብ መስመር የታተመበት ስስ ፕላስቲክ አለ። ሶኬቱን በሽቦው ስባችሁ ከነቀላችሁ መስመሩ አብሮ ይላጣል፣ ከዚያ ግማሹ መብራት በርቶ ግማሹ ይጠፋል። ሶኬቱን ከቤቱ ይዛችሁ፣ ምላሱን በጠባቡ መፈልቀቂያ እየተጫናችሁ ነው የሚነቀለው። ለዚህ የታጠፈው ጠባብ ከብረት ካቻቢቴ በብዙ ይሻላል፤ ቢንሸራተት መዳቡን አይቆርጥም። ያወጣችሁትን ጌጅ የመንዝ ባና ወይም ወፍራም ፎጣ ዘርግታችሁ በፊቱ አስተኙት፣ መጀመሪያ ግን አራግፉት፤ በባናው ውስጥ ያለ አሸዋ የጌጁን ፊት ይጭራል።

የማሞቂያ ማንሻዎቹን ገመድ ከመፍታት በፊት የገመዱ ሽፋን የተያዘበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት። 5 ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ማሞቂያው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም ወይም አይከፈትም። ደብረ ብርሃን ላይ የማይከፈት ማሞቂያ ምን ማለት እንደሆነ የጧት ሾፌር ይንገራችሁ።

የበሩን ልባስ አብራችሁ የምታወጡ ከሆነ መስኮት ማዞሪያውን ሽብልቅ አታስገቡበት። ከኋላው የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያላት ስስ ሽቦ ናት የያዘችው። ጨርቅ በማዞሪያውና በልባሱ መሐል አስገብታችሁ እንደ ጫማ ጠራጊ ወዲያና ወዲህ መሳብ ነው፤ ጨርቁ የሽቦዋን ጫፍ ይይዛል፣ ትወጣለች። ትፈነጠራለችና በሌላው እጅ ጋርዱ። የቀረው የልባሱ ዙሪያ የሹካው ሥራ ነው፣ ሹካው እዚህ ላይ እንከን የለበትም። ለዲኤክስ ከ5 4።

ላንድሮቨር ሲሪስ 2 ላላችሁ መፈልቀቂያ አትግዙ። የጌጁ ሰሌዳ መሐል ላይ በብሎን ነው የተያዘው፣ ብሎኖቹ ሲወጡ ከነጌጆቹ ወደ ፊት ይመጣል። የሚያስፈልጋችሁ የኢንች ቁልፍ ነው፤ በ11 እና በ13 ሚሊ ሜትር ቁልፍ የተበሉ ጭንቅላቶች የሞሉት ለዚህ ነው።

አንድ የእኛ አገር ችግር ቦርሳው ላይ በተለጠፈው መመሪያ አይገኝም፦ የዳሽቦርድ ልብስ። ከሥሩ የተሰነጠቀውን ለመሸፈን ባለ ዘርፍ ጨርቅ በማስቲሽ የተለጠፈበት ዳሽቦርድ ብዙ ነው። ጨርቁን ስቦ ማንሳት ሌዘሩን አብሮ ያነሳል። በፀጉር ማድረቂያ እያሞቃችሁ፣ ሰፊውን ሽብልቅ ከሌዘሩ ጋር አስተኝታችሁ፣ በቀጭኑ እየገፋችሁ ሂዱ። የቀረውን ማስቲሽ በሕክምና አልኮል በጥቂቱ። ቤንዚን ማለስለሻውን ያጥባል፣ አሴቶን ደግሞ ኤቢኤስን ያቀልጣል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብዙውን ጊዜ አሴቶን ነው። ስንጥቁ ከእጅ ስንዝር ካለፈ ለታፒሴሪ ሠራተኛ ከመስጠት የተሻለ መንገድ የለም፣ ዳሽቦርዱን ግን ራሳችሁ አውጥታችሁ ውሰዱለት። መኪናው ላይ እንዳለ የሚለብስ ዳሽቦርድ ጠርዙ ሳይጠቀለል ይቀራል፣ ከዓመት በኋላ ይገለበጣል።

ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚሠራ ሰው ደንቡን ይገልብጠው። እዚያ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። የተዘጋ መኪና ቀትር ላይ ዳሽቦርዱ ከ70 ዲግሪ ያልፋል። ክሊፕሱ አይሰበርም፣ ይለጠጣል እንጂ፤ ሌዘሩም የተፈለቀቀበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ቆላ ላይ ሥራው የማለዳ ነው፣ በጥላ፣ ከ3 ሰዓት በፊት። ኤቢኤሱ ርካሽ መፈልቀቂያም እዚያ ያገለግላል፤ ስለዚህ አንዱ «ምርጥ ነው»፣ ሌላው «ቆሻሻ ነው» የሚሉት አንድ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

አቧራ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከአንኮበር በኩል በጠጠር መንገድ የኖረ መኪና ከዳሽቦርዱ ኋላ የሚወጣው አፈር ይደንቃል። ሽብልቅ ከማስገባታችሁ በፊት ጠርዙን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ፤ በሽብልቁና በሌዘሩ መሐል የገባ አሸዋ ነው ጭረቱን የሚያወጣው። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰር ብታስነፉትም ደህና ነው፣ የጌጁን ውስጥ ግን በኮምፕረሰር አትንኩ፤ የጌጁ ምላስ ከፀጉር የከበደ ስፕሪንግ የለውም።

ሲመለስ፣ ከመዝጋታችሁ በፊት ባትሪውን አስራችሁ ሁሉንም ሞክሩ፦ ፍሬቻ፣ የጌጅ መብራት፣ የዘይትና የቻርጅ መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ጥሩንባ። የኪሎሜትር ገመዱን ከቀባችሁ ላይኛውን 15 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ተዉት። ቅባቱ በገመዱ መሽከርከር ወደ ላይ እየወጣ ጌጁ ውስጥ ይገባል፣ ምላሱም ይንቀጠቀጣል። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ብሎን ሲመለስ መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሩት፤ «ጠቅ» ብሎ የድሮው ጥርስ ውስጥ ሲወድቅ ወደ ቀኝ ያዙ። ያ ካልተደረገ በየጊዜው አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ጉድጓዱን ያሰፋዋል። የሰፋ ጉድጓድ በሱፐር ግሉና በቤኪንግ ሶዳ ይሞላል፦ ጥቂት ዱቄት፣ ጠብታ ግሉ፣ እንደገና ዱቄት። ወዲያው ይደርቃል፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳል።

ክሊፕስ ለመተካት የመኪናውን ስም ይዛችሁ ሱቅ አትሂዱ፤ የተሰበረውን ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ልክ በካሊፐር ለኩ፦ የቀዳዳውን ስፋት፣ የጭንቅላቱን ስፋት፣ የግንዱን ርዝመት። የ7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ የ8 ክሊፕስ ይገባል፣ ደስ ይላል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን አይወጣም። ለመቀመጫውና ለበሩ ብላችሁ ከአሥር በላይ አትግዙ፤ ባለ 38ቱ ቦርሳ ውስጥ በጉርሻ የሚሰጡት ክሊፕሶች ደግሞ ለአዲስ መኪና የተሠሩ ናቸው፣ ለዲኤክስ ጭንቅላታቸው ይበዛል። ለዚህ ነው ባለ 11ዱን ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ለጂአይኤስ ካቻቢቴ ማዋል የሚሻለው።